ሻምበል አበበ ቢቂላና የሕመም ትርጉም

ሻምበል አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ከመንዝ ጓሳ በስተደቡብ በሚገኘው የሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በመንዲዳ አቅራቢያ ጃቶ በተባለች መንደር ተወለደ። በክብር ዘበኛ ተቀጥሮ ሲያገለግል በአሠልጣኙ በኦኒ ኒስካነን አመራር ለረጅም ርቀት ሩጫ ተዘጋጀ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ይህ ዝናው በሰፊው የታወቀ ነው፤ የሕክምና ባለሙያን ይበልጥ የሚያስተምረው ግን በኋላ የገጠመው ሕመም ነው።

ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ በደብረ ዘይት ልምምድ ላይ ሳለ ሆዱን አመመው። የሕመሙ ምክንያት ትርፍ አንጀት መሆኑ ታውቆ መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ከ35 ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ፈጽሞ ዳግመኛ አሸነፈ። ምክንያቱ ሳይመረመር ሕመሙ ብቻ እንዲታገሥ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ፣ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ሕይወቱን ለአደጋ ባጋለጠ ነበር።

ከ1959 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ እግሩ ይጎዳ ጀመር። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ በጉዳቱ ምክንያት ውድድሩን አቋረጠ። ድሉን ጓደኛው ማሞ ወልዴ ተረከበ።

አስፒሪንና መሰሎቹ ፀረ ብግነት መድኃኒቶች ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ንጥረ ነገር መመረት በመግታት እብጠትንና ሕመምን ይቀንሳሉ። ይህን አሠራራቸውን እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1971 የገለጠው ጆን ቬን ነው። ይሁን እንጂ የተሰነጠቀ አጥንትን አይጠግኑም፤ ሕመሙ የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ግን ያደበዝዛሉ። ላብ ያደረቀው ሯጭ ሲወስዳቸው ኩላሊቱን ሊጎዱ፣ ጨጓራንም ሊያደሙ ይችላሉ።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ አበበ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ከታከመ በኋላም በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ።

ጓሳ ሊያጭድ ወጥቶ ወለምታ የገጠመው ገበሬ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ሊደረግለት የሚገባውም ይኸው ነው። አስቀድሞ አጥንቱ አለመሰበሩ ይጣራ፤ የጨጓራና የኩላሊት ሕመም እንዳለበትም ይጠየቅ። ከዚያም መድኃኒቱ በሚበቃው አነስተኛ መጠን ለጥቂት ቀናት ይሰጠው፤ እግሩም ይረፍ። መድኃኒቱ የዕረፍት አጋዥ እንጂ የዕረፍት ምትክ አይደለም።