ሰማዕቱ አቡነ ጴጥሮስ

ጾመ ፍልሰታ ሊገባ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ሐምሌ 22፣ የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስን ሰማዕትነት እናስባለን።

ብፁዕነታቸው የሰላሌ ሰው ናቸው፤ በ1921 ዓ.ም. ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ሆነው ተሾሙ። የፋሺስት ጦር በሕዝባችን ላይ የመርዝ ጋዝ ሲያዘንብ፣ ሲገድልና ሲያቃጥል ዝም አላሉም። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጠላት እጅ ወደቁ። የተጠየቁት እኮ ብዙ አልነበረም፤ አርበኞቹን ሽፍቶች እንዲሏቸው፣ ሕዝቡም ለጣልያን እንዲገዛ እንዲሰብኩ ነው። እሺ ቢሉ ነፍሳቸው በተረፈች ነበር። እሳቸው ግን እምቢ አሉ፤ ግፉን በሕዝብ ፊት አውግዘው በጥይት ተደብድበው ዐረፉ።

እንግዲህ ጾም ከሥጋና ከወተት መከልከል ብቻ አይምሰለን። ድሃ ሲበደል እያየን፣ ለምቾታችን ብለን ሐሰቱን እውነት ካልን አንደበታችን መቼ ጾመ?

የሰማዕቱ በረከት ይደርብን፤ አሜን።