ድንጋይ ሳይደረድር ያነጸው ንጉሥ

ቆጋ መስኖ ላይ ያደገ ልጅ የተቆፈረ መሬት ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው ውሃው የሚወጣበትን ነው። አጎቴ ማሳው ላይ ቦይ ሲያወጣ ዶማውን ከማንሳቱ በፊት ቆሞ ቁልቁለቱን ያያል። ከተሳሳተ ውሃው የጎረቤት ሽንኩርት ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ነገሩ በሽማግሌ ነው።

ላሊበላ የሄድኩት ተማሪ እያለሁ ነው። ጓደኞቼ ሰልፊ ሲነሱ እኔ እግሬ ስር ያለውን የውሃ መውረጃ እያየሁ ቀረሁ።

አሜሪካ ውስጥ በ1960ዎቹ መጨረሻ ላንድ አርት የሚባል ነገር መጣ፤ ሸራና ቀለም ትቶ መሬቱን ራሱን የጥበብ ሥራ ማድረግ። ማይክል ሃይዘር የተባለ ሰው ኔቫዳ በረሃ ላይ 240,000 ቶን ድንጋይና አፈር አስወጥቶ፣ የቀረውን ጉድጓድ ሥራዬ ብሎ አሳየ። ዓለም ጉድ አለ። የላስታው ሰው ግን በዚህ ዓይነቱ ጥበብ ከ700 ዓመት በላይ ይቀድመዋል።

ላሊበላ የሮሃ ልጅ ነው። ገድሉ እንደሚለው ሲወለድ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም የንግሥና ምልክት ነው ብላ ስሙን አወጣችለት። ዙፋኑ ላይ የነበረው ወንድሙ ሐርቤ ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳው። መርዝም ተሞከረ፣ ስደትም መጣ። ትውፊቱ ኢየሩሳሌም ደርሶ ተመለሰ ይላል። ከነገሠ በኋላ በስሙ ከተጻፉት ሰነዶች መካከል ደግሞ ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው የሚወደው ነገር አለ፦ የመሬት ስጦታ። እ.ኤ.አ. የ1204 እና የ1225 አሉ። ስለዚህ ቢያንስ 20 ዓመት ዙፋን ላይ ነበር ማለት ነው፤ ለትልቅ ፕሮጀክት የሚበቃ ጊዜ።

ሳላሐዲን ኢየሩሳሌምን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1187 ነው። ሮሃ ውስጥ ጎልጎታ፣ ቤተ ልሔም፣ ዮርዳኖስ የሚሉ ስሞች አሉ። መሄድ ለማይችል ሰው ከተማዋን እዚሁ ማምጣት፣ ያውም ከውጭ አንድ ድንጋይ ሳያስገቡ።

አሠራሩን እስኪ አስቡት። ቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ከፍታው 11 ሜትር ያህል ነው፤ ከአንድ አለት የተጠረበ። መጀመሪያ ዙሪያው ይቆፈራል፣ ከዚያ ከጣራ ወደ ታች ይወረዳል። ግንበኛ ቢሳሳት ድንጋዩን አንስቶ ሌላ ይተካል። እዚህ የተቆረጠ ዓምድ አይቀጠልም። ክፍል ውስጥ የማይመለስ ወጪ የሚባል ነገር ተምረን ነበር፤ ላሊበላ ላይ እያንዳንዱ የመሮ ምት እንደዚያ ነው።

ደግሞ የላስታ ክረምት አለ። 11 ሜትር ወደ ታች የቆፈረ ሰው በሐምሌ ኩሬ ነው የሚታቀፈው። ለዚህ ነው ቤተ ክርስቲያኖቹን የከበቡት ቦዮች ውሃውን ወደ ዮርዳኖስ እንዲያወርዱ ተደርገው የተቆረጡት። ቁልቁለቱ ቀድሞ ካልታሰበ ደግሞ በኋላ አይስተካከልም። አጎቴ ቢያየው ይገባው ነበር።

ዴቪድ ፊሊፕሰን የተባለው አርኪዮሎጂስት ከ11ዱ አንዳንዶቹ ከላሊበላ በመቶዎች ዓመታት ይቀድማሉ፣ መጀመሪያም ቤተ ክርስቲያን አልነበሩም ይላል። ፌስቡክ ላይ በዚህ የሚሰዳደብ አይጠፋም። እኔን አያስጨንቀኝም። የቀደመውን ቁፋሮ ተረክቦ በአንድ ሐሳብ ማሰርም ሥራ ነው፣ ምናልባትም ከባዱ ሥራ። ትውፊቱ ቀን ሰዎች፣ ሌሊት መላእክት ሠሩት ይላል። ሰው ሁሉ ስለ ሌሊቱ ፈረቃ ያወራል፤ እኔ የማስበው ስለ ቀኖቹ፣ መሮ ስለያዙት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 አምስቱን ከዝናብ ለመከላከል ትልልቅ የብረት መጠለያዎች ቆሙ። አለቱን ያድኑ ይሆናል፤ ሰማዩን ግን ወሰዱት። ቤተ ጊዮርጊስ ብቻውን ፈንጠር ብሎ ነው ያለው፣ መጠለያ የለውም። ጣራው እኛ ከቆምንበት መሬት እኩል ነው። በክረምት ዝናቡ መስቀሉ ላይ ይወርድና በአሸንዳው ወደ ጉድጓዱ ይፈስሳል፤ ከዚያም መውጫውን ይዞ ይሄዳል።