ማሪያ ጎፐርት ማየር፦ ያለ ደመወዝ የሠራች የፊዚክስ ሊቅ

የማይከፈልበት ሥራ ነገር በማኅበራችን ሲነሳ ሁላችንም የየቤታችንን እናስባለን። በዚህ እትም የምናወራው ግን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በነጻ ስለሠራች ሴት ነው።

ማሪያ ጎፐርት በ1906 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ተወልዳ አባቷ ፕሮፌሰር በነበረባት በጀርመኗ ጎቲንገን አደገች። በ1930 ዶክትሬቷን ይዛ፣ አሜሪካዊውን ኬሚስት ጆ ማየርን አግብታ ባሕር ተሻገረች። እዚያ የጠበቃት ባል በሚሠራበት ሚስት አትቀጠርም የሚል ደንብ ነው። በባልቲሞርም በኒውዮርክም አስተማረች፣ ተመራመረች፣ ሁለት ልጆች አሳደገች፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን ወይ አይከፍሏትም ወይ ለስም ያህል ይሰጧታል። ቺካጎ ደግሞ ፕሮፌሰር ብሎ ማዕረግ ሰጣት፣ ደመወዝ ግን ከለከላት። ገንዘብ የምታገኘው አርጎን በሚባል ላቦራቶሪ በግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

ትልቁን ሥራዋን የሠራችው በዚህ ጊዜ ነው። የአቶም እምብርት ፕሮቶንና ኒውትሮን የሚባሉ ቅንጣቶች የታጨቁበት ነው። ብዙዎች እንደ ውሃ ጠብታ ያስቡት ነበር። ጠብታ ላይ ትንሽ ውሃ ቢጨመር ትንሽ ይተልቃል እንጂ ጠባዩ አይለወጥም። ማሪያ ግን የቅንጣቶቹ ቁጥር 2፣ 8፣ 20፣ 28፣ 50፣ 82 ወይም 126 ሲሆን እምብርቱ ከጎረቤቶቹ ይልቅ እንደሚጸና አስተዋለች። 50 ፕሮቶን ያለው ቲን የማይፈርሱ 10 ዓይነቶች አሉት፤ ይህን ያህል ያለው ሌላ ንጥረ ነገር የለም። የድሮው ፊዚክስ ለዚህ መልስ አልነበረውም።

በኳንተም ሕግ ቅንጣት ያሻውን ያህል ጉልበት መያዝ አይችልም። እንደ ደረጃ ነው፤ አንዱ እርከን ላይ ወይም ሌላው ላይ ይቆማል፣ መሐል የለም። እያንዳንዱ እርከን የሚይዘውም ቅንጣት የተወሰነ ነው፤ ሲሞላ እምብርቱ ይረጋል። ችግሩ፣ ሒሳቡ 2፣ 8 እና 20ን ሰጥቶ ከዚያ በኋላ ይስት ነበር።

አንድ ቀን ኤንሪኮ ፌርሚ ከቢሮዋ ሲወጣ ስለ ቅንጣቶቹ ሹረት ጥያቄ ጣል አደረገላት። ወዲያው ገባት። ቅንጣቱ እየዞረ በራሱም ላይ ይሾራል፤ ሹረቱና ዙረቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሆኑና ሲቃረኑ ጉልበቱ ይለያያል። ነገሩን የምታስረዳው በዋልዝ ዳንሰኞች ነበር፤ ጥንዶቹ አዳራሹን እየዞሩ ይሾራሉ፣ ወደ አንዱ በኩል መሾር ወደ ሌላው ከመሾር ይቀላል። ይህ ሒሳቡ ውስጥ ሲገባ 28፣ 50፣ 82 እና 126 በየቦታቸው ወጡ። ጀርመናዊው ሃንስ የንሰንም ከባልደረቦቹ ጋር እዚያው ደርሶ ነበር፤ ሳይቀናኑ አብረው መጽሐፍ ጻፉ።

ሙሉ ደመወዝ ያለው የፕሮፌሰርነት ቦታ ያገኘችው በ1960 በካሊፎርኒያ፣ በ54 ዓመቷ ነው። ብዙም ሳይቆይ ስትሮክ መታት። በ1963 ከየንሰንና ከዩጂን ዊግነር ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለች፤ በፊዚክስ ከማሪ ኩሪ ቀጥላ፣ ከ60 ዓመት በኋላ፣ ሁለተኛዋ ሴት። የከተማዋ ጋዜጣ በርዕሱ ያስቀደመው ሊቅነቷን ሳይሆን እናትነቷን ነበር። እኛም እናቶች ነን፤ ቢሆንም ቅር ይለናል። በ1972 ሳን ዲዬጎ ውስጥ አረፈች።