ለካርታ ጥያቄ ያቀረበው ሐኪም

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን እና እንዴት የሚሉትን ስድስት ጥያቄዎች ገና ከጅምሩ እንማራቸዋለን። ከነዚህ ውስጥ “የት” የምትለዋን ግን የቦታ ስም ጻፍ አድርገን ነው የምናልፋት። በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ሰው ሐኪም እንጂ ጋዜጠኛ አልነበረም። ሆኖም “የት” ብሎ አጥብቆ በመጠየቁ የብዙ ሰው ሕይወት የሚያድን እውነት ላይ ደርሷል። ዛሬ በካርታ ሶፍትዌር ላይ መጠይቅ እየጻፍን ቤቶችንና ነጥቦችን ስንመርጥ የምንሠራውን ሥራ እሱ በእግሩና በእስክሪብቶው ሠርቶታል።

ጆን ስኖው እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 1813 በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ የጉልበት ሠራተኛ ሲሆን እሱ ከዘጠኝ ልጆች የመጀመሪያው ነበር። በ14 ዓመቱ ኒውካስል ከሚገኝ ሐኪም ዘንድ ሙያ እንዲማር ተላከ። እዚያም እያለ ኮሌራ ገባና የከሰል ማዕድን ሠራተኞችን እንዲያክም ታዘዘ። በ1836 ወደ ለንደን ሄዶ ትምህርቱን ቀጠለ፤ በ1844 የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። በሕይወት ዘመኑ ስሙን ያስጠራው ግን የማደንዘዣ ሕክምና ነው። በ1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ልዑል ሊዮፖልድን ሲወልዱ ክሎሮፎርም የሰጣቸው እሱ ነበር።

በዚያ ዘመን አብዛኛው ሐኪም ኮሌራ የሚመጣው ከሚሸት አየር ነው ብሎ ያምን ነበር። ስኖው ደግሞ በሽታው የሚጀምረው ከአንጀት ስለሆነ በአፍ የገባ ነገር መኖር አለበት፣ ይህም የተበከለ ውሃ ነው በማለት በ1849 ጽሑፍ አሳተመ። ሰሚ ግን ብዙም አላገኘም።

በ1854 በኦገስት ወር መጨረሻ በለንደን ሶሆ በሚባለው ሰፈር በብሮድ ስትሪት ዙሪያ ኮሌራ ተነሣ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ብቻ 127 ሰው አለቀ። ስኖው የመንደሩን የውሃ ፓምፕ ጠርጥሮ ከመዝገብ ጽሕፈት ቤት የ83 ሟቾችን ዝርዝር ወሰደና ቤት ለቤት መዞር ጀመረ።

እዚህ ላይ ነገሩን ወደ ዛሬው ሶፍትዌር ላምጣው። እንደ ኪውጂአይኤስ ባለ ፕሮግራም ላይ አንደኛው ሌየር የሟቾች ቤት፣ ሌላኛው የፓምፖች ቦታ ነው እንበል። መምረጫው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በባሕርይ መምረጥ ነው፤ ከሌየሩ ጋር ካለው ሠንጠረዥ ለምሳሌ ከሁለት በላይ ሰው የሞተባቸውን ቤቶች ብቻ አምጣ ትለዋለህ። ሁለተኛው በቦታ መምረጥ ነው፤ ከሌሎቹ ፓምፖች ይልቅ ለብሮድ ስትሪቱ የሚቀርቡትን አምጣ ትለዋለህ። የተመረጡት ወዲያው ቢጫ ይሆናሉ። በስኖው ዝርዝር ላይ ይህን ብናደርግ 73ቱ ቢጫ ሆነው 10ሩ ይቀራሉ።

ብዙዎቻችን 73ቱን አይተን ዜናውን እንጽፍ ነበር። ስኖው ግን የቀሩትንም ቤት አንኳኳ። ከ10ሩ የአምስቱ ቤተሰቦች ሩቅም ቢሆን ውሃ የሚያስቀዱት ከብሮድ ስትሪት ነበር። ሦስቱ ደግሞ በፓምፑ አጠገብ ትምህርት ቤት የሚማሩ ሕፃናት ነበሩ። ሠፈሩ ውስጥ ሆነው ያልሞቱትንም ጠየቀ። 535 ድሆች በሚኖሩበት የድሆች መጠለያ የሞቱት 5 ብቻ ናቸው፤ ለካ ግቢው የራሱ ጉድጓድ ነበረው። ከ70 በላይ ሠራተኞች ያሉት የቢራ ፋብሪካም በኮሌራ የሞተበት ሰው የለም፤ ሠራተኞቹ ቢራ ይጠጣሉ፣ ፋብሪካውም የራሱ ውሃ አለው። በተቃራኒው ራቅ ብሎ በሚገኘው ሃምፕስቴድ የምትኖር አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የዚያን ፓምፕ ውሃ ስለምትወደው እያስመጣች ትጠጣ ነበር። እሷም ሞተች።

ሴፕቴምበር 7 ቀን ማስረጃውን ለአጥቢያው አስተዳደር አቀረበ፤ በማግስቱ የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። እዚህ ላይ በተለምዶ የሚነገረውን ማረም ያስፈልጋል። ሰው ሁሉ ካርታው ወረርሽኙን አቆመው ይላል። ሆኖም ካርታው የተሠራው እጀታው ከተነቀለ በኋላ ነው፤ ብዙው ሰው ሠፈሩን ለቆ ስለሸሸም በሽታው ቀድሞ መቀነስ ጀምሮ ነበር። በአጠቃላይ 616 ሰው ሞቷል። ካርታው ለማስረዳት የተሳለ ነው። ስኖው በ1855 ባወጣው እትም ደግሞ ለየትኞቹ ቤቶች የብሮድ ስትሪቱ ፓምፕ እንደሚቀርብ የሚለይ መስመር ጨመረበት። መስመሩንም በቀጥታ ርቀት ሳይሆን ሰው በመንገድ በሚሄደው ርቀት ነው የለካው። ይህ እኔን በጣም የገረመኝ ነው፤ ውሃ ቀጂ በጣሪያ ላይ አይበርማ!

በቦታ መምረጥ ጭራሽ የማይሠራበት ጉዳይም ገጥሞታል። በደቡብ ለንደን ሁለት የውሃ ኩባንያዎች በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ላሉ ቤቶች ውሃ ይሸጡ ነበር። ላምቤዝ የተባለው ከቴምስ ወንዝ ላይኛው ክፍል፣ ሳውዝዋርክና ቮክስሆል የተባለው የከተማው ቆሻሻ ከሚገባበት ይቀዳል። ካርታ ላይ ቢታይ ሁሉም አንድ ሠፈር ነው። ስለዚህ ስኖው የእያንዳንዱን ሟች ቤት የውሃ ኩባንያ አጣራ፤ ነዋሪው ካላወቀ ውሃውን ወስዶ የጨው መጠኑን በመመርመር ለየ። ውጤቱ በ10,000 ቤት ሲሰላ ላምቤዝ 37፣ ሌላኛው 315 ሟች ሆነ። በሠንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ መጨመሩ ነው ይህን ያሳየው።

ስኖው ጁን 16 ቀን 1858 በ45 ዓመቱ በስትሮክ ሞተ። የመንግሥት ጤና ቦርድ ሐሳቡን ሳይቀበለው ነው ያለፈው። ሮበርት ኮህ የኮሌራን ባክቴሪያ ለይቶ ያሳወቀው በ1884 ነው።

እንግዲህ ዛሬ የስኖው መረጃ በዲጂታል መልክ ተዘጋጅቶ ማስተማሪያ ሆኗል፤ ኪውጂአይኤስም በነፃ የሚገኝ ነው። የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች እንድትሞክሩት እጋብዛለሁ። ስትሞክሩ ግን መጠይቁን ጽፋችሁ ቢጫ የሆኑትን ከቆጠራችሁ በኋላ ምርጫውን ገልብጡትና ያልተመረጡትን አንድ በአንድ እዩአቸው። እነማን ናቸው? ለምን ቀሩ? ሠንጠረዡ መልሱን ካልያዘ፣ እንደ ስኖው ሄዶ በር ማንኳኳት የእኛ የዘጋቢዎች ሥራ ነው።