ያለ ፍርድ ማሰርን በሕግ የሞገቱት ዶክተር ዳንኳ

የጋና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኦገስት 28 ቀን 1961 በዋለው ችሎት፣ ለፍርድ ሳይቀርቡ የታሰሩ ስምንት ሰዎች ያቀረቡትን አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ውድቅ አደረገ። የታሳሪዎቹ ጠበቃ የ65 ዓመቱ አዛውንት ዶክተር ጆሴፍ ቦአኪ ዳንኳ ነበሩ። አምስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ኦክቶበር 3 ቀን፣ ጠበቃው ራሳቸው ሲከራከሩበት በነበረው ሕግ መሠረት ተይዘው ወደ እስር ቤት ተወሰዱ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

የአፍሪካ አገሮች ከቅኝ አገዛዝ በተላቀቁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ የመንግሥትን ፀጥታ በማስጠበቅና የዜጎችን ነፃነት በማክበር መካከል ስለተካሄደው ክርክር ሲወሳ፣ የጋናው የቅድመ መከላከል እስራት ሕግ በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳል። የዶክተር ዳንኳ የሕይወት ታሪክም ከዚህ ሕግ ተለይቶ ሊነገር አይችልም።

ዳንኳ በ1895 ዲሴምበር ወር በዛሬይቱ ጋና ምሥራቃዊ ክፍል በምትገኘው ቤፖንግ ተወለዱ። አባታቸው በአካባቢው ንጉሥ ቤተ መንግሥት የከበሮ መቺዎች አለቃ የነበሩና ኋላ የባዝል ሚሲዮን ወንጌላዊ የሆኑ ሰው ናቸው። ታላቅ ወንድማቸው ናና ሰር ኦፎሪ አታ የአክየም አቡአክዋ ገዢ በመሆናቸው፣ ወጣቱ ዳንኳ በ1915 የወንድማቸው ጸሐፊ ሆነው የአስተዳደርንና የባህላዊ ዳኝነትን ሥራ ከቅርብ ተመለከቱ። በ1921 ወደ እንግሊዝ አገር ተልከው በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፍልስፍና ተማሩ፤ ጎን ለጎንም ሕግ አጥንተው የጥብቅና ፈቃድ አገኙ። በ1927 በፍልስፍና የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ብዙ ነው። በ1931 ዕለታዊ ጋዜጣ አቋቋሙ። ስለ አካን ሕዝብ ሕግ፣ ልማድና እምነት መጻሕፍት አሳተሙ። በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ እንዲከፈት አጥብቀው ከታገሉት አንዱ ነበሩ። ጎልድ ኮስት ትባል የነበረችው አገር ጋና የሚለውን ጥንታዊ ስም እንድትይዝ በማድረግም ስማቸው ይነሳል፤ አካኖች ከጥንታዊቱ ጋና ፈልሰው መጡ የሚለውን ሐሳባቸውን ብዙ የታሪክ ምሁራን ባይቀበሉትም ስሙ ግን ጸንቶ ቀርቷል።

ኦገስት 4 ቀን 1947 ዳንኳና ባልደረቦቻቸው በሶልትፖንድ ከተማ የተባበሩት የጎልድ ኮስት ጉባኤ የተሰኘውን ድርጅት መሠረቱ። ለድርጅቱ ሙሉ ጊዜውን የሚሰጥ ዋና ጸሐፊ ሲፈለግ ኤቤነዘር አኮ አጄይ አንድ ሰው ጠቆሙ። ሰውየው ክዋሜ ንክሩማ ነበሩ። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1948 በአክራ ሰላማዊ ሰልፍ የወጡ የቀድሞ ወታደሮች ላይ ተተኩሶ ሦስቱ ተገደሉ፤ በከተማዋም ሁከት ተቀሰቀሰ። የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር የድርጅቱን ስድስት መሪዎች በአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣኑ ተጠቅሞ ያለ ፍርድ ለሳምንታት አሰራቸው። ዳንኳ፣ ንክሩማ፣ አኮ አጄይ፣ ኤድዋርድ አኩፎ አዶ፣ ኢማኑኤል ኦቤትሴቢ ላምፕቴይና ዊሊያም ኦፎሪ አታ ነበሩ። ጋናውያን እስከ ዛሬ ስድስቱ ታላላቆች እያሉ የሚጠሯቸው እነዚህ ሰዎች ከዚያ በኋላ ያጋጠማቸውን ዕጣ አንባቢ በያዘው ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ያገኘዋል።

ንክሩማ በ1949 ተለይተው የራሳቸውን የሕዝብ ጉባኤ ፓርቲ አቋቋሙ። ሕዝቡም ተከተላቸው። ዳንኳ ሊቅና አንደበተ ርቱዕ ቢሆኑም የአደባባይ ፖለቲካ አልቀናቸውም፤ በ1954 በገዛ አካባቢያቸው በወንድማቸው ልጅ ተሸነፉ፤ በ1956ም እንደገና ተወዳድረው ሳይሳካላቸው ቀረ። ጋና ማርች 6 ቀን 1957 ነፃነቷን ስትቀዳጅ ዳንኳ በምክር ቤቱ ውስጥ መቀመጫ አልነበራቸውም።

አዲሱ መንግሥት የፀጥታ ስጋት አልነበረበትም ማለት ስህተት ይሆናል። ከነፃነት በፊት በአሳንቴ ክልል በገዢው ፓርቲና በብሔራዊ የነፃነት ንቅናቄ ደጋፊዎች መካከል ደም ያፋሰሰ ግጭት ተካሂዷል፤ በ1955ም በንክሩማ መኖሪያ ቤት ላይ ቦምብ ፈንድቷል። ይሁን እንጂ መንግሥት መፍትሔውን የፈለገው መደበኛውን የወንጀል ሕግና ምርመራ በማጠናከር አልነበረም። በ1957 ሁለት የኩማሲ ሙስሊም መሪዎች ከአገር እንዲባረሩ የተላለፈባቸውን ትእዛዝ በፍርድ ቤት ሲከራከሩ፣ ጉዳዩ ውሳኔ ሳያገኝ ምክር ቤቱ ስማቸውን ጠቅሶ የመባረሪያ አዋጅ አጸደቀ። በዚያው ዓመት በጎሣ፣ በክልልና በሃይማኖት ላይ የተመሠረቱ ፓርቲዎች በሕግ ተከለከሉ፤ ተቃዋሚዎችም ተሰባስበው በፕሮፌሰር ኮፊ ቡሲያ መሪነት የተባበረ ፓርቲን መሠረቱ።

የቅድመ መከላከል እስራት ሕግ በ1958 ጁላይ ወር ለምክር ቤቱ ቀረበ። ሕጉ ለአገር መከላከያ፣ ለውጭ ግንኙነት ወይም ለመንግሥት ፀጥታ አደገኛ ነገር እንዳያደርግ የሚያሰጋ ዜጋ እስከ አምስት ዓመት ያለ ፍርድ እንዲታሰር ይፈቅዳል። ታሳሪው የታሰረበት ምክንያት በአምስት ቀን ውስጥ ይነገረዋል፤ ቅሬታ ማቅረብም ይችላል። ነገር ግን ቅሬታው የሚቀርበው እስራቱን ላዘዘው ለዚያው አካል ነው። የሕጉ ደካማ ጎን እዚህ ላይ ነበር። ያዘዘውን የሚመረምር ሌላ ዐይን አልተበጀለትም።

የመንግሥት ወገን አዲስ የተወለደች አገር ራሷን ከሴራ መከላከል እንዳለባት ተከራከረ። ተመሳሳይ ሕግ ከ1950 ጀምሮ በህንድም ይሠራበት ነበር። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው የሰው ነፃነት በሚኒስትሮች ፈቃድ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም በማለት ተሟገቱ። ገዢው ፓርቲ ከ104 መቀመጫዎች ከ70 በላይ ይዞ ስለነበር ሕጉ ያለ ችግር ጸደቀ። የሥነ ሥርዓት ጉድለት ነበረበት ሊባል አይችልም፤ ረቂቁ ቀርቧል፣ ክርክር ተደርጎበታል፣ ድምፅ ተሰጥቶበታል። ወዲያው በዓመቱ መጨረሻ አር. አር. አምፖንሳና ሞደስቶ አፓሉ የተባሉ ሁለት ተቃዋሚ የምክር ቤት አባላት በሴራ ተጠርጥረው ታሰሩ። የተፈቱት ከሰባት ዓመት በላይ ቆይተው፣ በ1966 ነው። ቡሲያ በ1959 ከአገር ወጡ።

ዳንኳ ግን አልወጡም። አገሪቱ ሪፐብሊክ ስትሆን ኤፕሪል 1960 በተካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫ ከንክሩማ ጋር ተወዳደሩ፤ ንክሩማ 1 ሚሊዮን 16 ሺህ ድምፅ ሲያገኙ ዳንኳ ያገኙት 124 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። የሕዝብ ድምፅ ስላልነበራቸው የቀራቸው መድረክ ፍርድ ቤት ሆነ።

በ1959 ኖቬምበር ወር በኩማሲ የታሰሩት ባፉር ኦሴይ አኮቶ የአሳንቴው ንጉሥ ዋና አፈ ጉባኤ ነበሩ፤ በእኛ አገር ታሪክ የአፈ ንጉሥነትን ማዕረግ የሚያስታውስ ሹመት ነው። የብሔራዊ የነፃነት ንቅናቄውም መሪ ነበሩ። እሳቸውና ሌሎች ሰባት ሰዎች በአሳንቴና በብሮንግ አሃፎ ክልሎች የኃይል ድርጊት አበረታተዋል የሚል ምክንያት ተሰጣቸው። ማስረጃው በየትኛውም ችሎት አልቀረበም።

ዳንኳ ያቀረቡት ክርክር በሪፐብሊኩ ሕገ መንግሥት 13ኛ አንቀጽ ላይ ያረፈ ነበር። በዚህ አንቀጽ መሠረት ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ሲረከቡ፣ ለሕዝብ ሰላም፣ ለሞራልና ለጤና ሲባል ከሚደረገው ገደብ በቀር ማንም ሰው የእምነት፣ የንግግርና የመሰብሰብ ነፃነቱን ወይም ወደ ፍርድ ቤት የመሄድ መብቱን እንደማይነፈግ ቃል ይገባሉ። ዳንኳ ይህ ቃል የምክር ቤቱንም ሥልጣን የሚገድብ በመሆኑ የእስራት ሕጉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አሉ። ፍርድ ቤቱ የተሰጠው ምክንያት በእርግጥ በቂ መሆን አለመሆኑን የመመርመር ግዴታ እንዳለበትም አሳሰቡ። መንግሥትን ወክለው የተከራከሩት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጄፍሪ ቢንግ ቀድሞ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል የነበሩ ሰው ናቸው።

በዋና ዳኛው በሰር አርኩ ኮርሳ የተመራው ችሎት የዳንኳን ክርክር አልተቀበለም። የፕሬዚዳንቱ ቃል የሞራል ግዴታ እንጂ በፍርድ ቤት የሚፈጸም መብት አይደለም፤ የእንግሊዝ ነገሥታት ዘውድ ሲጭኑ ከሚፈጽሙት መሐላ ጋር ይመሳሰላል፤ ፕሬዚዳንቱ ቃላቸውን ካላከበሩ ሕዝቡ በምርጫ ይቀጣቸዋል ሲል ወሰነ። የእስራቱን ምክንያት ላለመመርመርም የእንግሊዝ ጌቶች ምክር ቤት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በሰጠው ፍርድ ላይ ተመረኮዘ። ጋና በ1961 ጦርነት ላይ አልነበረችም።

ውሳኔው በተሰጠ ማግስት አገሪቱ ታመሰች። በዓመቱ የወጣው የቁጠባ በጀት ያስቆጣቸው የሴኮንዲ ታኮራዲ የባቡርና የወደብ ሠራተኞች በሴፕቴምበር የሥራ ማቆም አድማ መቱ። መንግሥት በአድማው ሳቢያ ዳንኳን፣ የምክር ቤት አባሉን ጆ አፒያንና ሌሎች ተቃዋሚዎችን በኦክቶበር አሰረ። በዚያው ወር በፖለቲካ ወንጀሎች ላይ የሚፈርድ ልዩ ችሎት የሚያቋቁም ሕግ ለምክር ቤቱ ቀረበ። ሕጉን ተነስተው ከተቃወሙት መካከል እስከዚያ ዓመት የካቢኔ ሚኒስትር የነበሩት ኮምላ ግቤዴማ ይገኙበታል። የ1958ቱ ሕግ ሲወጣ የገንዘብ ሚኒስትሩ እሳቸው ነበሩ። ንግግራቸውን ካደረጉ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ከአገር ተሰደዱ።

ዳንኳ በ1962 ጁን ወር ሲፈቱ የጠበቆች ማኅበር ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጣቸው። እፎይታው አጭር ነበር። ኦገስት 1 ቀን 1962 በሰሜን ድንበር ኩሉንጉጉ መንደር በንክሩማ ላይ የእጅ ቦምብ ተወርውሮ ፕሬዚዳንቱ ቆሰሉ፤ በአክራም ተከታታይ ፍንዳታዎች ሰው ገደሉ። አደጋው እውነተኛ ሽብር ነበር። በተጠርጣሪነት የተያዙት ግን የማስታወቂያ ሚኒስትሩ ታዊያ አዳማፊዮ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አኮ አጄይና የገዢው ፓርቲ ባለሥልጣን ኮፊ ክራብ ሆኑ። ንክሩማ በሜይ 1963 በአዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ሲፈረም፣ ቀድሞ ለመሪነት የጠቆሟቸው ወዳጃቸው አኮ አጄይ እስር ቤት ነበሩ። ኦቤትሴቢ ላምፕቴይ ደግሞ በዚያው ዓመት በጃንዋሪ በእስር እንዳሉ በሕመም ሞተዋል።

ልዩ ችሎቱ ዲሴምበር 1963 ሦስቱን ባለሥልጣናት ማስረጃ አልቀረበባቸውም ብሎ በነፃ አሰናበተ። ከዳኞቹ አንዱ አኩፎ አዶ ሲሆኑ፣ ችሎቱን የመሩት እነዚያው ኮርሳ ነበሩ። ንክሩማ ከሁለት ቀን በኋላ ዋና ዳኛውን ሻሩ፤ ምክር ቤቱም በዚያው ወር ፕሬዚዳንቱ የልዩ ችሎቱን ፍርድ እንዲሰርዙ የሚያስችል ሕግ አወጣ። ሰዎቹ በሌላ ችሎት ቀርበው ሞት ከተፈረደባቸው በኋላ ቅጣቱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠ። በ1964 ጃንዋሪ በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ አገሪቱ የአንድ ፓርቲ አገር ሆነች፤ ፕሬዚዳንቱም ዳኞችን የመሻር ሥልጣን አገኙ። ኮርሳ በ1961 የተማመኑበት የምርጫ ቅጣት በዚህ አበቃ።

ጃንዋሪ 2 ቀን 1964 አንድ ፖሊስ ንክሩማን ለመግደል ተኩሶ ጠባቂያቸውን ገደለ። ከስድስት ቀን በኋላ ዳንኳ ለሁለተኛ ጊዜ ታስረው ንሳዋም እስር ቤት ገቡ። በግድያ ሙከራው እጃቸው አለበት የሚል ጥርጣሬ ቢነገርም ክስ አልተመሠረተባቸውም። የንክሩማ ደጋፊዎች ዳንኳ ከአሜሪካ ኤምባሲ ጋር ግንኙነት ነበራቸው ይላሉ፤ የአንድ አሜሪካዊ አምባሳደር ልጅ የሆኑት ጸሐፊ በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍም ዳንኳ በመጀመሪያው እስራታቸው ወቅት ለቤተሰባቸው ከአሜሪካኖች ገንዘብ ይሰጥ እንደነበር ተጽፏል። ነገሩ እውነት ከነበረ ሕጉን ለሚደግፉ ወገኖች ትልቅ ማስረጃ በሆነ ነበር። ሆኖም ለችሎት ስላልቀረበ ሰውየው ጥፋተኛ ይሁኑ ንጹሕ፣ የጋና መንግሥትም ሆነ ቤተሰባቸው ሊያረጋግጥ ሳይችል ቀርቷል።

በንሳዋም ዳንኳ በጠባብ ክፍል ውስጥ ለብቻቸው ታስረው መሬት ላይ ይተኙ ነበር። የልብና የአስም ሕመም ነበረባቸው። በ1964 ለንክሩማ በጻፏቸው ረጃጅም ደብዳቤዎች ስለ አያያዛቸው፣ ስለ ጤናቸውና ስለ ቀድሞ የጋራ ትግላቸው በአክብሮት እያነሱ እንዲፈቷቸው ጠየቁ። መልስ አላገኙም። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1965 በ69 ዓመታቸው እዚያው አረፉ። የናይጄሪያው ፕሬዚዳንት ናምዲ አዚኪዌ በጋና መንግሥት ላይ የነበራቸውን ቅሬታ በግልጽ ተናገሩ፤ ዳንኳ ክስ ቀርቦባቸው በሕግ ፊት ሊከራከሩ ይገባቸው እንደነበር ገለጹ።

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1966 ጦሩ የንክሩማን መንግሥት ገልብጦ በመቶዎች የሚቆጠሩ ታሳሪዎችን ፈታ። ያው ወታደራዊ መንግሥት በዚያው ዓመት የራሱን የጥበቃ እስራት ድንጋጌ አውጥቶ የቀድሞ ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ አሰረ። ለአዲስ ሕገ መንግሥት ዝግጅት የተቋቋመውን ኮሚሽን በሊቀ መንበርነት የመሩት ከዳኝነት የተሻሩት አኩፎ አዶ ሲሆኑ፣ በ1969 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በፍርድ ቤት ሊጠየቁ የሚችሉ የሰብዓዊ መብቶችን ምዕራፍ ያዘ። ይህ ሕገ መንግሥት በጃንዋሪ 1972 በተካሄደ መፈንቅለ መንግሥት ተሻረ። እንዲህ ያለ ምዕራፍ በ1992ቱ ሕገ መንግሥትም የተካተተ ሲሆን፣ የጋና ፍርድ ቤቶች በዛሬው ጊዜም የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው።