እንዶድ፣ ቀንድ አውጣና የውኃ ሥነ ምሕዳር፦ የአክሊሉ ለማ የምርምር ሕይወት

ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ የሚገባ ባዕድ ንጥረ ነገር በውኃው ውስጥ የሚኖሩትን ፍጥረታት ሁሉ በእኩል አይጎዳም። የስካንዲኔቪያ ሐይቆች በአሲድ ዝናብ ምክንያት አሲዳማ እየሆኑ ሲሄዱ ቀድመው ከተመናመኑት እንስሳት መካከል ቀንድ አውጣዎች ይገኙበታል። ዛጎላቸው ከካልሲየም ካርቦኔት የሚሠራ በመሆኑ የውኃው ፒኤች ከ6 በታች ሲወርድ አብዛኞቹ ዝርያዎች መኖር ይሳናቸዋል። በኢትዮጵያ ጥያቄው በተቃራኒው አቅጣጫ ተነሣ፦ በሽታ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ፣ ቀሪውን የውኃ ሕይወት ለዘለቄታው ሳያናጉ ማጥፋት ይቻላልን? የዶክተር አክሊሉ ለማ የምርምር ሕይወት በአመዛኙ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ ነበር።

አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1935 በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ። በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1964 ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት የቢልሃርዝያን ሥርጭት ለማጥናት ወደ ዐድዋ ተጓዙ። የበሽታው ጥገኛ ትል በቀንድ አውጣ ውስጥ ካደገ በኋላ ወደ ውኃው ይወጣና በሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ በመሆኑም ቀንድ አውጣው ከጠፋ የመተላለፊያው ሰንሰለት ይበጠሳል። አክሊሉ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን ተመለከቱ። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው የእንዶድ አረፋ ሲጨመርባቸውም ወዲያው ሞቱ። ለዘመናት በየቤቱ ሲሠራበት የኖረው ዕፅ ከዚያን ዕለት ጀምሮ የቤተ ሙከራ ጉዳይ ሆነ።

በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው በፍሬው ውስጥ የሚገኘው ሳፖኒን መሆኑ ተረጋገጠ፤ ከሳፖኒኖቹም አንዱ በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ በተካሄደው የመስክ ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሕፃናት የበሽታው መጠን ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ።

ይሁን እንጂ ውጤቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ ቶሎ ተቀባይነት አላገኘም። በወቅቱ ይሠራበት የነበረው ከውጭ የሚገባ ኒክሎሳማይድ ለድሃ አገሮች እጅግ ውድ ነበር፤ እንዶድ ግን በገበሬው ማሳ ይበቅላል። ከአፍሪካ ቤተ ሙከራ የወጣው መረጃ በቂ አይደለም በሚል ተጨማሪ የመርዛማነት ምርመራ ተጠየቀ፤ ለምርመራው የሚያስፈልገው ገንዘብና መሣሪያ ደግሞ በአገር ውስጥ አልነበረም። አክሊሉ በዚህ አሠራር ላይ ለዓመታት ተሟገቱ። ጥያቄው ግን ከነጭራሹ መሠረተ ቢስ አልነበረም። እንዶድ ቀንድ አውጣን በሚገድል መጠን ዓሣንም ይገድላል፤ የቀንድ አውጣን እንቁላል ስለማያጠፋም ደጋግሞ መጨመርን ይጠይቃል። በሌላ በኩል በጥቂት ቀናት ውስጥ በተፈጥሮ ስለሚበሰብስ በውኃው ውስጥ አይከማችም። ሐይቅን አሲዳማ ከሚያደርግ ብክለት የሚለየውም በዚህ ነው፤ የአሲድ ጉዳት ምንጩ ከቆመ በኋላ እንኳ ለዐሥርተ ዓመታት ሊዘልቅ ይችላል።

የተሻለ ኃይል ያላቸውን የእንዶድ ዓይነቶች በመምረጥ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ዋና ድርሻ ነበራቸው፤ ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ። በ1990 ደግሞ አክሊሉ ከአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር፣ በመርከብ ተጉዞ የሰሜን አሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች የወረረውንና የውኃ ቧንቧዎችን የሚዘጋውን ዜብራ መስል የተባለ ባለዛጎል እንስሳ እንዶድ እንደሚገድለው አሳዩ። ግኝቱ በዩኒቨርሲቲው በኩል የባለቤትነት መብት ሲጠየቅበት፣ ዕፁንና ዕውቀቱን ጠብቆ ያቆየው ሕዝብ ከጥቅሙ ምን ይደርሰዋል የሚል ክርክር ተነሣ።

አክሊሉ በ1997 ዐረፉ፤ የመሠረቱት ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ለተመራማሪ የተዉት ትምህርት ከእንዶድ ይሰፋል። የቀበናና የቡልቡላ ወንዞች በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍልና በቦሌ አልፈው ከአቃቂ ጋር ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ሲወርዱ የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክመው ነው። የፍሳሹን ፒኤች መለካት የጥናቱ መጀመሪያ ነው፤ የትኛው ፍጥረት ቀድሞ እንደሚጠፋ፣ የትኛው እንደሚተርፍና ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚዘልቅ በመስክ መከታተል ግን ገና ቀሪው ሥራ ነው።