የገና ልጅ ሻምበል አበበ ቢቂላ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ላይ ሉማሜ የምትባል ከተማ አለች። በዚህ የጎጃም ደጋ ታህሳስ 29 ሲደርስ ጎረምሳው ቆልመም ያለ ዱላውን ይዞ ሜዳ ይወጣል። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተብሎ ይከፈላል፤ የእንጨቷ ሩር ትለጋለች፤ ሁሉም ይተማል። ፊሽካ የለ፣ ቀይ ካርድ የለ! ዱላ የቀመሰ ቅልጥም ያብጣል፤ ማታ ግን መቺና ተመቺ አብረው እየሳቁ ይጠጣሉ። በገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣም መባሉ ለዚህ ነው።

ዓባይን ተሻግረው ሰሜን ሸዋ ቢገቡም ጨዋታው ያው ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1932 መንዲዳ አካባቢ ጃቶ ላይ የተወለደው አበበ ቢቂላም በልጅነቱ ገና ተጫውቷል። ግቦቹ አንዳንዴ በኪሎ ሜትሮች ስለሚራራቁ፣ ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ሩር ሲያባርር ሳያውቀው ለማራቶን ይዘጋጅ ነበር ማለት ይቻላል።

ካደገ በኋላ ክብር ዘበኛ ገባ። እዚያም በአሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ስር ከወታደር ጓደኞቹ ጋር ልምምዱን ተያያዘው። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2፡15፡16 ገብቶ ዓለምን ጉድ አሰኘ። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ጓደኛው አበበ ዋቅጅራም በዚያው ውድድር በባዶ እግሩ ሮጦ 7ኛ መውጣቱን ነው። በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ የትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ካደረገ 6 ሳምንት ሳይሞላው 2፡12፡11 ገብቶ ደገመው።

ትልቁ የጓደኝነት ፈተና የመጣው በ1968 ሜክሲኮ ላይ ነው። እግሩን አሞት የነበረው አበበ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ አቋረጠ። ማሞ ወልዴ ከዓመታት በኋላ እንደተናገረው፣ ሻምበሉ ከመውጣቱ በፊት ጠርቶት እሱ እንደማይጨርስ ነግሮ፣ ማሸነፉን ለእሱ አደራ ሰጠው። ሦስተኛ ወርቁን አጥቶ ለጓደኛው መንገድ ማሳየት ቀላል አይደለም። ማሞም አደራውን አልበላም፤ 2፡20፡26 ገብቶ ወርቁን ለአገሩ አስቀረ።

በ1969 አበበ በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እሱ ግን ከጨዋታ አልራቀም፤ በ1970 እንግሊዝ ውስጥ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ተወዳደረ። ጥቅምት 25 ቀን 1973 በ41 ዓመቱ አረፈ። አደራውን የተቀበለው ማሞም በ2002 ሲያርፍ የተቀበረው አበበ ባለበት በዮሴፍ መቃብር ነው።